ክትባት ላመለጣቸው ልጆች፦ ስለ ማካካሻ ክትባት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወላጆች በየጤና ኬላውና በየሰፈሩ ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ልጅዎ የተለየ የጤና ችግር ካለበት ግን ባለሙያ ያማክሩ።

የማካካሻ ክትባት ዘመቻ ምንድን ነው?

መደበኛው ክትባት ልጁ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በተቆረጠለት ዕድሜ ይሰጣል። የማካካሻ ዘመቻ ደግሞ ያ ዕድሜ ያለፋቸውን ልጆች ፈልጎ የጎደላቸውን ይሞላል። የሚፈለጉት ልጆች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ክትባት የሚባል ነገር ጭራሽ ያልጀመረ ሲሆን ባለሙያዎቹ «ዜሮ ዶዝ» ይሉታል። ሁለተኛው ጀምሮ መሀል ላይ ያቋረጠ ነው።

በዘመቻው ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ይመዘግባሉ፣ ካርድ ያያሉ፣ ምን እንደጎደለ ይለያሉ። ክትባቱ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ይሰጣል፤ ራቅ ባለ መንደር ደግሞ ትምህርት ቤት ግቢ ወይም ዛፍ ጥላ ሥር ጊዜያዊ ጣቢያ ይቋቋማል። ቤትዎ ማንም መጥቶ ካልመዘገበ ምዝገባ እየጠበቁ አይቀመጡ። ልጁን ይዘው ይሂዱ፤ ስሙ መዝገብ ላይ ስለሌለ አይመለስም።

ይህን ያህል ልጅ እንዴት ሊያመልጥ ቻለ?

ኮቪድ አንዱ ምክንያት ነው። ዩኒሴፍ እንዳወጣው እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 ባሉት ሦስት ዓመታት በዓለም ዙሪያ 67 ሚሊዮን ልጆች ክትባት ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል አምልጧቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ የክትባት ጥምረት የሆነው ጋቪና ሌሎች አጋሮች በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ትልቁን የማካካሻ ንቅናቄ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። ቅድሚያ ከተሰጣቸው 20 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በወቅቱ ባወጡት ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በአገራችን 917 ሺህ ያህል ሕፃናት አምስት በሽታ የሚከላከለውን የፔንታ ክትባት የመጀመሪያ መጠን እንኳ አላገኙም።

ኮቪድ ባይመጣም ግን ችግሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ክትባቶች በሙሉ ያገኙት ሕፃናት 89 በመቶ ሲሆኑ በአፋር 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ልዩነት የእናቶች ግድየለሽነት ነው ማለት ትልቅ በደል ነው። የአፋር እናትም ልጇን እንደ አዲስ አበባዋ ትወዳለች። ልዩነቱ ያለው በመንገዱ ርቀት፣ በማቀዝቀዣው መኖር አለመኖር፣ ከብት ተከትሎ በሚንቀሳቀስ ቤተሰብና አንድ ቦታ ተተክሎ በሚጠብቅ ጤና ኬላ መካከል ነው። ከዚያ ጦርነት ተጨመረ። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል፤ ባለሙያውም ቤተሰቡም ተሰደዋል። ትግራይ ከጦርነቱ በፊት በክትባት ሽፋን ከአገሪቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ከነበሩት አንዷ ነበረች።

ልጄ ምን ምን መከተብ ነበረበት?

እንደተወለደ ለሳንባ ነቀርሳ ቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የፔንታቫለንት መርፌ፣ የፒሲቪ መርፌና የፖሊዮ ጠብታ። የተቅማጥ መከላከያው ሮታ በ6 እና በ10 ሳምንት በአፍ ይሰጣል፤ በ14 ሳምንት የፖሊዮ መርፌ ይጨመራል። በ9 ወሩ የመጀመሪያው፣ በ15 ወሩ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት። ፔንታ ብቻውን አምስት በሽታ ይከላከላል፦ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ እንዲሁም የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣውን ሂብ የተባለ ባክቴሪያ። ፒሲቪም ዋነኛውን የሳንባ ምች አምጪ ይከላከላል። በክትባት የጊዜ ሰሌዳው ላይ አዳዲስ ክትባት ስለሚጨመር፣ አሁን ያለውን ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ማየት ይቻላል።

ሁለት ቦታ ላይ ብዙ ልጅ ይቀራል። አንደኛው ገና ከመጀመሪያው ነው። በብዙ ቤት እናትና ልጅ ክርስትና እስኪነሳ ከቤት አይወጡም፤ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ማለት ነው። 6 ሳምንት 42 ቀን ነው። ወንዱ ክርስትና በተነሳ በሁለተኛው ቀን ለመጀመሪያዋ መርፌ ይደርሳል። ሴቷ ግን 80 ቀን ከጠበቀች የ6 ሳምንቱም የ10 ሳምንቱም አልፏታል፤ 10 ሳምንት 70 ቀን ነውና። የክርስትናውን ሥርዓት ማንም አይንካ፤ ለክትባት ግን ከዚያ በፊት መውጣት ይቻላል። እናት ካልቻለች አባት ወይም አያት ይዘው ይሂዱ።

ሁለተኛው የ15 ወሩ ነው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በአገራችን መደበኛ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ትልልቅ ልጆች ያሏቸው ወላጆች የሚያውቁት በ9 ወር የሚያበቃውን ሰሌዳ ነው። «ጨርሷል» ይላሉ፤ ልጁ ግን አንድ ይቀረዋል። በ9 ወር የሚሰጠው የመጀመሪያው ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይከላከላል። ሁለተኛው የሚሰጠው መጀመሪያ ላይ ያልያዘላቸውን ለመድረስ ነው።

ይከፈልበታል?

አይከፈልም። በመንግሥት ጤና ተቋማት የልጆች መደበኛ ክትባት ከክፍያ ነፃ ከሆኑት አገልግሎቶች አንዱ ነው፤ በዘመቻም ያው ነው። የካርድ፣ የመርፌ ወይም የጓንት ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ወይም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ።

ልጄ ሁለት ዓመት አልፎታል። አልረፈደም?

አልረፈደም። ሳይከተብ ቀርቶ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ ነበር። የማካካሻው ዋና ቁም ነገርም ይህን ልማድ መለወጡ ነው፤ ለመግዛት አቅም የሌላቸው አገሮች ከ1 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ተጨማሪ ክትባት እንዲያገኙ የተደረገውም ለዚሁ ነው።

ሁሉም ክትባት ግን እኩል አይጠብቅም። ኩፍኝና ፖሊዮ በማንኛውም የልጅነት ዕድሜ ቢሰጡ ይጠቅማሉ። ፔንታም ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ይሰጣል። ፒሲቪ ልጁ ከፍ ባለ ቁጥር የሚያስፈልገው መጠን ያንሳል። ሮታ ግን ሁለት ዓመት ካለፈ አይሰጥም፤ ያ ከባድ ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው በዋናነት ከዚያ በፊት ስለሆነ ነው። ቢሲጂም የሚጠቅመው ይበልጡን በሕፃንነት፣ የአንጎልና የተሰራጨ ነቀርሳን በመከላከል ነው፤ ልጁ ካደገ ባለሙያው አይቶ ይወስን። የአንዱ ጊዜ አለፈ ማለት የሌሎቹም አለፈ ማለት አይደለም።

የመጀመሪያውን ወስዶ ከዚያ አቋርጧል። እንደገና ከአንድ ይጀምራል?

አይጀምርም። ካቆመበት ይቀጥላል። ፔንታ 1ን በ6 ሳምንቱ ወስዶ አሁን አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ ቀጥሎ የሚሰጠው ፔንታ 2 ነው። ሰውነት የመጀመሪያውን ክትባት ካወቀው አይረሳውም፤ መዘግየቱ የሚጎዳው ልጁ እስኪጨርስ ድረስ ለበሽታው ተጋልጦ ስለሚቆይ ነው።

በሁለት ተመሳሳይ ክትባቶች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት መኖር አለበት። ለማካካስ ቸኩሎ በሁለት ሳምንት መድገም አይጠቅምም፤ ክትባቱ በደንብ አይይዝም። ፒሲቪን የመሳሰሉት ከፍ ላለ ልጅ ከዚያም የሰፋ ክፍተት ሊፈልጉ ይችላሉ። ቀጠሮውን ካርዱ ላይ ያጽፉ።

ካርዱ ጠፍቷል። ምን ልበላቸው?

እውነቱን። ካርድ መጥፋት ልጅን ላለመከተብ ምክንያት አይሆንም። እናቶች በዚህ ነገር ቁጣ ፈርተው እንደሚቀሩ በየጤና ኬላው የሚታወቅ ነው። ይህ በጣም ያሳዝናል፤ ቁጣውም ከባለሙያ የማይጠበቅ ነው።

ልጁ ቀድሞ የተከተበው እዚያው ቀበሌ ከሆነ ስሙ መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ የተወለደበትን ወርና የእናቱን ስም መናገር ፍለጋውን ያቀላል። መዝገቡም ከጠፋ ወይም ከተቃጠለ፣ ባለሙያዋ የእናቲቱን ትውስታ ትጠይቃለች፦ ቀኝ ክንዱ ላይ ነው የተወጋው? ጭኑ ላይ? ሁለት ጠብታ በአፉ ተደረገለት? በክንዱ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ ቢሲጂ መውሰዱን ታሳያለች፤ ጠባሳ የሌለው ልጅ ግን አልተከተበም ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ላይ አይወጣም። ምንም ማረጋገጫ ከሌለ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ይከተባል። የተከተበ ልጅ ኩፍኝን ወይም ፖሊዮን አንድ ጊዜ ደግሞ ቢወስድ አይጎዳውም። ሳይከተብ ተከትቧል ተብሎ የታለፈ ልጅ ግን ሊሞት ይችላል።

በአንድ ቀን ሦስት መርፌ አይበዛበትም?

ለማየት ይከብዳል፤ እናት እንባዋ ቢመጣ አይፈረድባትም። የልጁን ሰውነት ግን አይከብደውም። ልጅ መሬት ላይ እየዳኸ እጁን አፉ ውስጥ በከተተ ቁጥር በመርፌው ውስጥ ካለው እጅግ የበዛ ባዕድ ነገር ያስገባል። መርፌዎቹ ለየብቻ ይሰጣሉ፤ አንዱ በአንድ ጭን፣ ሌላው በሌላው። በአንድ ጭን ሁለት መውጋት ካስፈለገ ሁለት ጣት ያህል ይራራቃሉ።

አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ለሚቀጥለው ሳምንት ማለት ርኅራኄ ይመስላል። ነገር ግን ከሁለት ሰዓት መንገድ ለመጣች እናት ሌላ ቀጠሮ ማለት ሌላ የሥራ ቀን፣ ምናልባትም ከዚያ በኋላ ጭራሽ አለመምጣት ነው። ያቋረጡትን ልጆች ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የመጣ ልጅ የሚገባውን ሁሉ በዚያው ቀን ይውሰድ። መርፌው ሲወጋ ጡት ማጥባት ሕመሙን ያቀልለታል።

ጉንፋን ይዞታል፣ ትንሽም ያስቀምጠዋል። ልመልሰው?

አይመልሱት። ጉንፋን፣ ሳል፣ ቀላል ተቅማጥ፣ ትንሽ ትኩሳት፣ መድኃኒት እየወሰደ መሆኑ፣ ጥርስ ማብቀሉ፣ እነዚህ ክትባት አይከለክሉም። ሆስፒታል የሚያስተኛ ከባድ ሕመም ካለበት እስኪሻለው ይቆያል፤ ሲወጣ ሳይከተብ እንዳይሸኝ ያስታውሱ።

የከሳ ልጅ ደግሞ ከሁሉም መቅደም አለበት። ምግብ ያጠረውን ልጅ «አቅም የለውም፣ መርፌ አይችልም» ማለት ስህተት ነው፤ አቅም ያጣ ሰውነት የማይችለው ኩፍኝን ነው። የምግብ እጥረት ሕክምና የሚከታተል ልጅ ካለዎት በዚያው ቀጠሮ ካርዱ ይታይለት፤ ቫይታሚን ኤ ደግሞ አብሮ ይሰጠዋል።

«ሐሙስ ተመለሺ» ተብዬ ተመለስኩ። ለምን በመጣሁበት ቀን አይከትቡልኝም?

ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል፤ ብዙ ልጅ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። የኩፍኝ ክትባት በብልቃጥ ውስጥ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይመጣና ሲፈለግ በራሱ ውኃ ይበጠበጣል። አንዱ ብልቃጥ በአብዛኛው ለ10 ልጅ ነው። ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል፤ ቢሲጂም እንዲሁ ነው። ቢቆይ ጀርም ሊያፈራ ስለሚችል በዚህ ላይ ድርድር የለም። ስለዚህ ባለሙያዋ አንድ ልጅ ብቻ ሲመጣላት ዘጠኝ ሰው የሚበቃ ክትባት መጣሉ ይከብዳትና ልጆቹን በአንድ ቀን ለመሰብሰብ «ሐሙስ ነይ» ትላለች። ሐሳቧ ይገባኛል። መመሪያው ግን ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ነው የሚለው፤ የዘጠኝ ልጅ ክትባት ቢጣል ይተካል፣ የተመለሰችው እናት ግን ላትመጣ ትችላለች።

ፈሳሽ ሆነው የሚመጡት እንደ ፔንታና የፖሊዮ ጠብታ ያሉት በሌላ ሕግ ነው የሚሠሩት። ብዙ መጠን የሚይዘው ብልቃጥ ተከፍቶም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአግባቡ ከተቀመጠ እስከ 28 ቀን ያገለግላል። ስለዚህ ኩፍኝ ለሐሙስ ቢቀጠር እንኳ «ፔንታውን ዛሬ ስጡልኝ» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። ቀኑን በካርዱ ላይ ያጽፉ፤ የሰፈሩን እናቶች አስተባብራችሁ አብራችሁ ብትሄዱም ብልቃጡ በከንቱ አይጣልም።

ክትባቱ በሙቀት ተበላሽቶ እንዳይሆን የሚሰጉ ወላጆችም አሉ። ብልቃጡን ያሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ላዩ ላይ አንዲት ክብ፣ በመሀሏም ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። መሀለኛዋ ከክቡ ነጣ ካለች ክትባቱ ደህና ነው። እንደ ክቡ ከጠቆረች ወይም ከዚያ ከባሰች አይሰጥም።

ባለፈው ዘመቻ ተከትቧል። አሁን ደግሞ ለምን?

ዘመቻ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ነው ግራ የሚያጋባው። አንደኛው ካርድ ሳያይ በአንድ የዕድሜ ክልል ያለውን ልጅ ሁሉ ይከትባል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ኮቪድ በገባበት ዓመት፣ ከ9 እስከ 59 ወር ያሉ ከ14 ሚሊዮን በላይ ልጆች ኩፍኝ የተከተቡት በዚህ መልኩ ነው። በየቤቱ እየዞሩ ሁለት ጠብታ አፍ ላይ አድርገው የልጁን ትንሽ ጣት በቀለም የሚነኩትም የፖሊዮ ዘመቻ ሠራተኞች የዚሁ ወገን ናቸው። ሁለተኛው የማካካሻው ነው፤ እሱ ካርድ አይቶ የጎደለውን ብቻ ይሞላል።

የመጀመሪያው ዓይነት ሲመጣ ልጁ ሙሉ በሙሉ ተከትቦም ቢሆን ይውሰድ፤ ተጨማሪው አይጎዳም፣ በሽታው በሰፈሩ እንዳይዘዋወር ያግዛል። በዘመቻ የፖሊዮ ጠብታ ወሰደ ማለት ግን ፔንታ ወሰደ ማለት አይደለም። «ቤታችን ድረስ መጥተው ከትበውታል» ተብሎ መደበኛው የተረሳበት ልጅ ብዙ ነው። ጣቱ ላይ ያለው ቀለም የአንዱን ክትባት ብቻ ይናገራል፤ ስለ ቀሪው የሚናገረው ካርዱ ነው።

ከተከተበ በኋላ ትኩሳት ቢይዘው ምን ላድርግ?

ለአንድ ሁለት ቀን ትኩሳት፣ መነጫነጭ፣ የተወጋው ቦታ ማበጥ የሚጠበቅ ነው። ቶሎ ቶሎ ጡት ያጥቡት፣ ልብሱን ያቅሉለት፤ ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት ልክ ባለሙያ እንዳዘዘው ይስጡት። በተወጋው ቦታ ላይ ቅቤ፣ ቅጠል ወይም ፍል ነገር አያድርጉ። የኩፍኝ ክትባት ትኩሳትና ትንሽ ሽፍታ ካመጣ ከሳምንት በኋላ ገደማ ነው የሚመጣው፤ በራሱም ይጠፋል። ቢሲጂ ከሳምንታት በኋላ ትቆስልና ጠባሳ ትታ ትድናለች፤ አይንኳት።

የፊት እብጠት፣ የመተንፈስ ችግር፣ ራስን መሳት ወይም እንቅጥቅጥ ከታየ፣ ወይም ከሦስት ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ካለቀሰ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ከባድ አለርጂ ከሚሊዮን መጠን አንድ ያህል የሚያጋጥም ነው፤ ሲያጋጥምም በአብዛኛው እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚታይ ከተከተበ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መሄድ ጥሩ ነው።

መካን ያደርጋል የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። በኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ያኔና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በሕፃንነታቸው የተከተቡት ዛሬ ወላጆች ናቸው፤ አያት የሆኑም አሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትመጡት ብዙዎቻችሁ ራሳችሁ የተከተባችሁ ናችሁ።

ወሬው በአብዛኛው የሚነሳው ክትባቱ ለአንድ ፆታ ወይም ለአንድ ዕድሜ ብቻ ሲሰጥ ነው፤ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ሲመጣም ይኸው ተባለ። ለልጃገረዶች የሚሰጠው ካንሰሩ የሚይዘው የማኅፀን በርን ስለሆነ ነው። የሰጋ ወላጅን መሳደብ አያስፈልግም። ጎረቤት የምታምናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የራሷን ልጅ መቼ እንዳስከተበች ስትናገር ከሁላችንም ስብከት የበለጠ ታሳምናለች።

ኩፍኝ ወጥቶበት ድኗል። አሁንም ይከተብ?

አዎ። መጀመሪያ ነገር፣ ሽፍታ ሁሉ ኩፍኝ አይደለም፤ ቤት ውስጥ «ኩፍኝ ነበር» የተባለው ሌላ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ይዞት ከነበረም ክትባቱ አይጎዳውም። ሌላው ደግሞ፣ ኩፍኝ ሰውነት ስለሌሎች በሽታዎች ያካበተውን የመከላከል ትውስታ ያጠፋል። ከኩፍኝ የዳነ ልጅ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ለሳንባ ምችና ለተቅማጥ የተጋለጠ የሚሆነው በዚህ ነው። ስለዚህ ሌሎቹን ያልጨረሳቸውን ክትባቶች ማሟላት ይበልጥ ይቸኩላል።

ኩፍኝ የያዘው ልጅ በብዙ ቤት ከሰው ዓይን ይሸሸጋል፣ ጨለማ ክፍል ይቀመጣል፣ ሐኪም ጋ አይሄድም። ይህ ልጅ ሁለት ቀን በተከታታይ ቫይታሚን ኤ ማግኘት አለበት፤ ዓይኑን ከመታወር፣ ነፍሱንም ከሞት የሚጠብቅ ነው። ይውሰዱት።

ጎረቤት ልጅ ኩፍኝ ወጥቶበታል፤ የእኔ ገና ስድስት ወሩ ነው።

ኩፍኝ ያልተከተበ ሰው ካገኘ ከ10 ዘጠኙን ይይዛል፤ አየር ላይ ስለሚቆይ ሕመምተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላም ያስተላልፋል። ያልተከተበ ትልቅ ልጅ ካለ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢከተብ በሽታውን ሊከላከልለት ወይም ሊያቀልለት ይችላል፤ ነገ ከነገ ወዲያ አይበሉ። ወረርሽኝ ባለበት አካባቢ ክትባቱ ከ6 ወር ጀምሮ እንዲሰጥ ሊወሰን ይችላል። ያ ግን እንደ ተጨማሪ ነው የሚቆጠረው፤ ልጁ የ9 ወሩንም የ15 ወሩንም መውሰድ አለበት።

ተፈናቅለን መጥተናል። ልጁ የተወለደው አረብ አገር ነው፤ እናቱም እዚያው ናት። ማን ያስከትበዋል?

የሚያሳድገው ሰው። አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት፣ መጠለያ ውስጥ ያለች ጎረቤትም ብትሆን ይዛው ትሂድ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእናት ፊርማ አያስፈልግም። ተፈናቃይ የተጠለለበት ቀበሌ ጤና ኬላ የመከተብ ግዴታ አለበት፤ «የእኛ ክልል ልጅ አይደለም» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም።

ከሳዑዲ፣ ከሊባኖስ ወይም ከየመን የተመለሰ ልጅ ወረቀት ይዞ ከመጣ በዐረብኛ ቢጻፍም አይጣል። የዚያ አገር ሰሌዳ ከእኛ ስለሚለይ ባለሙያው የወሰደውን ከኛው ጋር አስተያይቶ ቀሪውን ይሰጠዋል። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ሂደት የጀመሩ ቤተሰቦችም የልጁን ካርድ እንደ ፓስፖርቱ ይጠብቁት፤ በጽሑፍ ያልታየ ክትባት እዚያ እንዳልተሰጠ ስለሚቆጠር ልጁ እንደገና ይወጋል።

ኤችአይቪ ያለበት ልጅስ?

ይከተባል፤ እንዲያውም ከሌላው ልጅ ይልቅ ያስፈልገዋል። ፔንታ፣ ፒሲቪና የፖሊዮ መርፌ ሕይወት የሌላቸው ስለሆኑ ስጋት የለባቸውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የተዳከመ ሕያው ተዋሲ (ጀርም) ባላቸው በቢሲጂና በኩፍኝ ላይ ነው። ኤችአይቪ ካለባት እናት ተወልዶ ምልክት የማያሳይ ሕፃን ቢሲጂ ይወስዳል። ቫይረሱ እንዳለበት የተረጋገጠ ልጅ ግን መድኃኒት ጀምሮ ሰውነቱ እስኪጠነክር ይጠብቃል። ኩፍኝም የመከላከል አቅሙ እጅግ ለወረደ ልጅ ይቆያል። ይህን የሚወስነው የልጁን ክትትል የያዘው ሐኪም ነው፤ ለጤና ኬላዋ ባለሙያ ግን ሁኔታውን በግልጽ ይንገሯት፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባት።

አምስት ዓመት ካለፈውስ?

የማካካሻው ዘመቻ የሚያተኩረው ከ5 ዓመት በታች ላሉት ነው፤ በር ግን አይዘጋም። ያልተከተበ የ6 ዓመት ልጅ ኩፍኝና ፖሊዮ ይጠቅሙታል፤ ለመንጋጋ ቆልፍና ለዘጊ አናዳ ደግሞ ለዕድሜው የሚሆን ሌላ ዓይነት አለ። ሂብን የመሳሰሉት ከዚህ ዕድሜ በኋላ አያስፈልጉትም። ጤና ጣቢያ ወስደው ይጠይቁ። ሴት ልጅ ከ9 እስከ 14 ዓመት ከሆነች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያውን ታገኛለች፤ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ዕድሜው የሰፋ ሲሆን አሁን አንድ መርፌ ይበቃል። በአብዛኛው የሚሰጠው በትምህርት ቤት ስለሆነ ትምህርት ያቋረጠችው ልጅ እንዳትረሳ።

የ20 ወር ልጅ አለችኝ፤ ቢሲጂና ፔንታ 1 ብቻ ነው የወሰደችው። ስንት ጊዜ መመላለስ ይኖርብኛል?

ከሚያስቡት ያነሰ። በመጀመሪያው ቀን ፔንታ 2፣ የፖሊዮ ጠብታ፣ የፖሊዮ መርፌ፣ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት፣ ፒሲቪ፣ ሁለት ዓመት ስላልሞላትም የቀረው ሮታ ሊሰጣት ይችላል። ቫይታሚን ኤ ካልወሰደችም በዚያው ቀን ይሰጣታል። ከ4 ሳምንት በኋላ ፔንታ 3፣ ቀጣዩ የፖሊዮ ጠብታና ሁለተኛው ኩፍኝ። የቀረ ፒሲቪ፣ የፖሊዮ ጠብታ ወይም የፖሊዮ መርፌ ካለ ባለሙያዋ ሦስተኛ ቀጠሮ ትሰጣታለች። ከዚያ ካርዱን ቁልቁል አብራችሁ ተመልከቱት፤ ባዶ ሳጥን ካለ ከወንበሩ ሳይነሱ ይጠይቁ።